ትልቁ አውሮፕላን ወይስ ቅርቡ ቤዝ? አዲስ ለተቀጠሩ አብራሪዎች

ባለፈው ወር ለእረፍት ድሬዳዋ ገብቼ ነበር። ከዚራ፣ እናቴ ቤት በረንዳ ላይ ቡና እየተፈላ ነው። የእህቴ ልጅም ከአሜሪካ መጥታለች። እዚያ አንድ አየር መንገድ ረዳት አብራሪ አድርጎ ቀጥሯታል። ስልጠናው ሊጀመር ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ስልኳን አወጣችና ኩባንያው የላከላትን ዝርዝር አሳየችኝ። በአንድ በኩል የአውሮፕላን ዓይነት፣ በሌላ በኩል ቤዝ፣ ማለትም ሥራው የሚጀመርበት ከተማ ስም፣ ከጎኑ ስንት ሰው እንደሚፈለግ።

«ጋሼ፣ የቱን ልያዝ?»

እናቴ ከሲኒዎቹ ቀና ብላ «ትልቁን ያዢ እንጂ!» አለች።

እኔም ከዓመታት በፊት ያደረግኩት ያንኑ ነው። ትልቁን ያዝኩ። ስለዚህ ለልጅቷ የሰጠኋት መልስ ከሦስተኛው ሲኒ አልፎ እስከ ማታ ቀጠለ። ይህንኑ ጥያቄ ሌሎች ልጆችም በስልክ ስለሚጠይቁኝ፣ የነገርኳትን እዚህ ጻፍኩት።

ተራው እንዴት ነው የሚሄደው?

በአሜሪካ አየር መንገዶች የአብራሪ ኑሮ የሚመራው በሲኒየሪቲ ነው። በእኛ ቋንቋ ተራ በሉት። ባጃጅ ተራ ላይ ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ይጭናል፤ እዚያም እንደዚያው ነው። ሌላ ኩባንያ ውስጥ አሥር ዓመት ካፒቴን የነበረ ሰው ቢመጣ እንኳ ከወረፋው መጨረሻ ይቆማል። አውሮፕላን፣ ቤዝ፣ የወር ፕሮግራም፣ የዓመት እረፍት፣ ካፒቴን መሆን፣ ሁሉም በዚያች የተራ ቁጥር ነው። ኩባንያው ሠራተኛ ሲቀንስም ከጭራው ይጀምራል።

አንድ ቀን የገቡት እርስ በርስ እንዴት ይሰለፋሉ? አንዳንዱ ኩባንያ በዕድሜ ያሰልፋል፣ ታላቅ ይቀድማል። አንዳንዱ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርን የመጨረሻ አራት አሃዞች ያያል። እንደ እቁብ ዕጣ የሚያወጣም አለ። ያቺ ቁጥር እዚያ ቤት እስካላችሁ ድረስ አብራችሁ ትኖራለች። ከፍ የምትለው ከላይ ያሉት ሲለቁ ወይም ጡረታ ሲወጡ ነው። የጡረታ ዕድሜው በሕግ 65 ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2007 መጨረሻ ድረስ 60 ነበር።

ከዚያ ቢድ ይደረጋል። የምትፈልጉትን በቅደም ተከተል ትጽፋላችሁ። ቁጥር 1 የፈለገውን ያነሳል፣ ቁጥር 2 ከቀረው ያነሳል፣ እንዲህ እያለ ዝርዝሩ ባዶ ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ይሄ አይደርሰኝም፣ አንደኛ ምርጫዬን አላባክንም» ብሎ የሚወደውን ከታች ይጽፋል። የሚባክን ነገር የለም። ተራችሁ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ከላይ ጀምሮ ያልተወሰደውን የመጀመሪያውን ይሰጣችኋል። አንደኛው ከሄደ ሁለተኛውን ያያል። ስለዚህ ግምት ውስጥ አትግቡ፤ ልባችሁ በፈለገው ቅደም ተከተል ጻፉ። ደግሞ እስከ መጨረሻው ጻፉ። አምስት ምርጫ ጽፎ ያቆመ ሰው አምስቱም ካለቁ የተረፈውን ነው የሚያገኘው።

ትልቁ ምን ይሰጣል፣ ምን ይወስዳል?

በወንበሮቹ መሀል ባለ ሁለት መተላለፊያዎቹ ትልልቅ አውሮፕላኖች፣ እነ ቦይንግ 777፣ 787 እና ኤርባስ 350፣ ያስጎመጃሉ። ውቅያኖስ ይሻገራሉ። አንድ ጉዞ ብዙ ሰዓት ስለሚይዝ በወር ጥቂት ጉዞ ሄዶ ሰዓት መሙላት ይቻላል። በሰዓት የሚከፈለውም ይበልጣል። ይህን አላቃልልም። የመጀመሪያ ቀን ትልቁ ኮክፒት፣ የአብራሪዎቹ ክፍል ውስጥ ስገባ አባቴ በሕይወት ኖሮ ባየኝ ብዬ ነበር።

ግን ዝርዝሩን እንይ። ሁለት አብራሪ ብቻ ሲሆኑ የአሜሪካ ሕግ በረራውን እንደ መነሻው ሰዓት በ8 ወይም በ9 ሰዓት ይገድበዋል። ከዚያ ሲረዝም ሦስተኛና አራተኛ አብራሪ ይጨመራል፤ በየተራ ይተኛሉ። አዲሱ ሰው ብዙ ጊዜ ያ ተጨማሪው ነው። ሲነሱም ሲያርፉም ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ያያል። መሪውን የሚይዘው መሀል ውቅያኖስ ላይ፣ አውቶፓይለት በሚያበርበት ሰዓት ነው።

ሕጉ በ90 ቀን ውስጥ ቢያንስ ሦስት ጊዜ መነሳትና ሦስት ጊዜ ማረፍ ይጠይቃል። እኔ ይህን በሲሙሌተር፣ በምድር ላይ ባለው የበረራ መለማመጃ ማሽን፣ የሞላሁበት ወቅት ነበር። መንገደኛ ይዤ አንድም ጊዜ ሳላርፍ ሁለት ወር አልፎኛል። እጅ ይዝጋል። ለጀማሪ ደግሞ ይህ ከባድ ነገር ነው። ከስልጠና እንደወጣችሁ ሥራው በእጅና በዓይን ውስጥ ሊገባ የሚችለው በመደጋገም ነው። ሕጉም ለዚህ ነው ፈተናውን ካለፋችሁ በኋላ በ120 ቀን ውስጥ በዚያው አውሮፕላን 100 ሰዓት እንድትበሩ የሚያዘው።

ባለ አንድ መተላለፊያው፣ 737 ወይም ኤርባስ 320፣ ተቃራኒው ነው። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይነሳል፣ ያርፋል። ከካፒቴኑ ጋር ተራ በተራ ታበራላችሁ። ያደክማል፤ አንዳንዱ ቀን ምሳ በእጅ ተይዞ ነው። ነገር ግን በስድስት ወር ውስጥ ነፋስ፣ በረዶ፣ አጭር ማኮብኮቢያ፣ ሁሉንም ታዩታላችሁ።

ስለ ገንዘቡም ልንገራችሁ፤ ቤተሰብ ሁሌ የሚጠይቀው እሱን ነው። አንዳንድ አየር መንገዶች በመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም አዲስ አብራሪ አንድ ዓይነት የሰዓት ክፍያ ነው የሚከፍሉት፣ ትልቁንም አበረ ትንሹን። ልዩነቱ ከሁለተኛው ዓመት ይመጣል። ዋናው ጭማሪ ግን ካፒቴን ሲኮን ነው። የትንሹ አውሮፕላን ካፒቴን በአብዛኛው ከትልቁ ረዳት አብራሪ በላይ ያገኛል። ካፒቴን ለመሆን በሕግ በዚሁ የመደበኛ አየር መንገድ ሥራ 1,000 ሰዓት ያስፈልጋል። በዓመት መብረር የሚፈቀደው ጣሪያም 1,000 ሰዓት ነው። ተራው ከፈቀደ፣ ትንሹ ላይ ያለ ሰው በጥቂት ዓመት ግራ ወንበር፣ የካፒቴኑ ቦታ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ትልቁ ላይ ለዚያ ወንበር የሚጠብቁት ፀጉራቸው የሸበተ ሰዎች ናቸው።

መሀል ቤትም አለ። 757 እና 767 አንድ ፈቃድ ነው የሚጠይቁት። ይህን የያዘ ሰው አንድ ሳምንት ሀገር ውስጥ፣ ሌላ ሳምንት አውሮፓ ይበራል። እድሜ የጠገቡ አውሮፕላኖች ግን ናቸው። አውሮፕላን ደግሞ ጡረታ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ ዴልታ የተባለው አየር መንገድ 777ን በሙሉ፣ አሜሪካን ኤርላይንስ ደግሞ 757ን፣ 767ንና ኤርባስ 330ን በአንድ ዓመት አስወጡ። እነዚያን ሲያበሩ የነበሩ ሰዎች እንደገና ወደ ትምህርት ቤት ገቡ።

ቤዙ

ቤዝ ማለት ሥራው የሚጀመርበትና የሚያበቃበት ኤርፖርት ነው። እዚያ በሰዓቱ መገኘት የእናንተ ጉዳይ ነው። ኩባንያው የት ትኖራላችሁ ብሎ አይጠይቅም።

ይህን ለእናቴ ለማስረዳት የሐረርን ሰው አነሳሁላት። ሐረር ኤርፖርት የለውም። አውሮፕላን የሚይዝ የሐረር ሰው 55 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የደንገጎን ጠመዝማዛ ይዞ ወደ ድሬ ይወርዳል። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ሲሆን ምንም አይደለም። በየሳምንቱ ቢሆንስ? መኪናው ሞልቶ ቢቀርስ? ጭጋግ ቢሆንስ? አውሮፕላኑ እንደሆነ አይጠብቅም።

ቤዙ ከተማ ውስጥ የማይኖር አብራሪ ኑሮው ይህ ነው። ከቤቱ ወደ ቤዙ በሌላ አውሮፕላን ይሄዳል፤ ባዶ ወንበር ከተገኘ በእሱ፣ ካልተገኘ ኮክፒት ውስጥ ባለችው ጀምፕሲት። እሷንም ሌላ ሰው ሊቀድመው ይችላል። ስለዚህ አንድ ቀን ቀድሞ ይወጣል። ሥራው ማታ ካለቀ አንድ ቀን ዘግይቶ ይመለሳል። ሁለቱም ቀን የሚቆረጠው ከራሱ እረፍት ነው፤ አይከፈልበትም። ብዙ ኩባንያዎች ሁለት በረራ ሞክሮ ያልተሳካለትን ሰው አይቀጡም። ያ ከቅጣት ያድናል እንጂ ቀኑን አይመልስም። ቤዙ አካባቢ ደግሞ ክራሽ ፓድ የሚሉት አለ፣ አብራሪዎች በጋራ የሚከራዩት አልጋ። እሱም ከኪስ ነው።

ሪዘርቭ ሲጨመርበት ይብሳል። አዲስ ሰው በመጀመሪያ የራሱ የወር ፕሮግራም አይኖረውም። ተጠባባቂ ነው። ሲጠሩት ይሄዳል፣ ባይጠሩትም ለወሩ የተወሰነ ሰዓት ይከፈለዋል፣ ብዙ ጊዜ ከ70 ሰዓት በላይ። ሪዘርቭ ሁለት ዓይነት ነው። ረጅም ጥሪ ከሆነ 12 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ቀድመው ይነግሩታል። አጭር ጥሪ ከሆነ ግን በሁለት ሦስት ሰዓት ውስጥ ኤርፖርት መድረስ አለበት። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ስልኩ ይጮኻል። ቤዙ ከተማ ውስጥ ለሚኖር ሰው አጭር ጥሪ ማለት እቤቱ ተኝቶ ስልክ መጠበቅ ነው። ልጁን ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ ወጥ ይሠራል፣ እየተከፈለውም ነው። ለተመላላሹ ግን በሰው ከተማ፣ በሰው አልጋ ላይ መቆየት ነው።

እኔ ይህን ኖሬዋለሁ። ትልቁን አውሮፕላን ኒውዮርክ ላይ ያዝኩ። ቤተሰቤ የሚኖረው ሦስት ሰዓት በሚያስበርር ሌላ ከተማ ነው። ልጄ የመጀመሪያ እርምጃዋን ስትራመድ እኔ ኒውዮርክ፣ ኩዊንስ ውስጥ ስድስት ሰው በሚያድርበት ቤት ስልክ እጠብቅ ነበር። ያን ወር ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የተጠራሁት።

የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ቤተሰቤ ያለበት ከተማም የኩባንያው ቤዝ ነበር። ትንሹ አውሮፕላን እዚያ አለ፣ የኔው ግን የለም። አውሮፕላን ልቀይር ስል ውሉ ሁለት ዓመት አሰረኝ፤ ኩባንያው ያሠለጠነበትን ወጪ ሳያካክስ አይለቅም። ትንሹን ይዤ ኒውዮርክ ጀምሬ ቢሆን ኖሮ፣ ቦታ እንደተከፈተ ዝም ብዬ ቤዝ እቀይር ነበር።

ልጅቷን ደጋግሜ ያልኳት ይህንን ነው። ቤዝ መቀየር ወረቀት ነው፤ ተራው ሲደርስ ያው አውሮፕላን፣ ያው ፈቃድ፣ ሌላ ከተማ። አውሮፕላን መቀየር ግን ወደ ሁለት ወር የሚጠጋ ትምህርትና ሲሙሌተር፣ ከዚያም እንደገና መታሰር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መኖር የምትፈልጉበትን ከተማ ወስኑ። ቀጥሎ እዚያ ከተማ የሚያድረው የትኛው አውሮፕላን እንደሆነ እዩ። ዛሬ ያ ከተማ ባይደርሳችሁ እንኳ ያንን አውሮፕላን ሌላ ቦታም ቢሆን ያዙ። 737 እና 320 የያዙ ኩባንያዎች በአብዛኛው ቤዞቻቸው ሁሉ ላይ ያሳድሯቸዋል። ትልልቆቹ ያሉት በጥቂት ከተማ ነው። ሳውዝዌስትን የመሰለ 737 ብቻ የሚያበር ኩባንያ የገባ ሰው ከዚህ ጭንቀት ነፃ ነው፤ ከተማ ብቻ ይመርጣል።

ከመፈረም በፊት የሚጠየቅ

ኒውዮርክ በብዙ ኩባንያዎች ለአዲስ ሰው በቶሎ የሚደርስ ቤዝ ነው። ኑሮው ውድ ስለሆነ ነባሮቹ ይሸሹታል። ይህ መጥፎ ብቻ አይደለም። ነባር በሸሸበት ቤዝ አዲሱ ቶሎ ከፍ ይላል። ከ100 ሰው 95ኛ መሆንና 60ኛ መሆን ሁለት የተለያየ ሥራ ነው ማለት ይቻላል። 95ኛው ቅዳሜና እሁድ ስልክ ይጠብቃል፤ 60ኛው የራሱ ፕሮግራም ሊኖረው ይችላል። ብቻዬን ነኝ፣ ቤት መከራየት አያቅተኝም የሚል ወጣት እዚያው ገብቶ ቢኖር አይከፋኝም።

ስለዚህ ኩባንያውን ወይም የአብራሪዎቹን ማኅበር ሁለት ነገር ጠይቁ። በዚያ ቤዝና በዚያ አውሮፕላን ላይ ፕሮግራም ከያዙት ረዳት አብራሪዎች የመጨረሻው መቼ ነው የተቀጠረው? ከእሱ በላይ ካሉት በሚቀጥሉት አምስት ዓመታት ስንቱ 65 ይሞላዋል? እነዚህ ሁለት መልሶች ስለ ከተማው ከሚወራው ወሬ ሁሉ የበለጠ ይነግሯችኋል።

ለድሬ ሰው ሦስተኛ ጥያቄ አለ። ወደ ቤት መምጫው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከዋሽንግተን ደለስ፣ ከቺካጎ፣ ከ2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደግሞ ከአትላንታ ወደ አዲስ አበባ ይበራል። ከአዲስ ድሬ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከእነዚህ ከተሞች በአንዱ የሚኖር አብራሪ አራት የእረፍት ቀን አያይዞ እናቱን አይቶ ሊመለስ ይችላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በማይደርስበት ከተማ ያለው አንድ በረራ ይጨምርበታል። ባዶ ወንበር ጠብቆ ለሚሄድ ሰው አንድ በረራ ብዙ ነው።

ስለ በዓልም ላንሳ። ነባር አሜሪካውያን የሚሻሙት በዲሴምበር 25፣ በአዲስ ዓመታቸውና በእነሱ በጋ፣ ከጁን እስከ ኦገስት ነው። ገና ጃንዋሪ 7 ሲውል እነሱ በዓላቸውን ጨርሰው ሥራ ላይ ናቸው። እንቁጣጣሽም ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ ነው። ከወረፋው ጭራ ላይ ያለ ሰው እነዚህን ቀኖች ቢጠይቅ የማግኘት ዕድል አለው። ኢድም በበጋው ወይም በዲሴምበር መጨረሻ ካልዋለ እንደዚያው። የሚከብደው ቁልቢ ነው። የታኅሣሥ 19ኙ ብዙውን ጊዜ ዲሴምበር 28 ላይ ይውላል፣ በገናቸውና በአዲስ ዓመታቸው መሀል። የሐምሌው ጁላይ 26 ነው፣ የእነሱ በጋ ሲግል። ሁለቱም ላይ አዲስ ሰው እረፍት አያገኝም ማለት ይቀላል። ስለት ያለባችሁ ይህን አስቀድማችሁ እወቁ።

በሀገር ቤት ለሚቀጠሩት ነገሩ ሌላ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መናኸሪያው አዲስ አበባ ነው፤ በከተማ የሚያጨናንቅ ምርጫ የለም። ከሰዓት በኋላ ከቤታችን በላይ የሚያልፈውን ኪው 400፣ ባለ ፕሮፔለሩን ትንሽ አውሮፕላን የሚያበረው ልጅ ማታ አዲስ አበባ እቤቱ ይተኛል። ለእሱ የሚቀረው አውሮፕላኑ ነው፣ በእሱም ላይ ባለ ብዙ ማረፊያው ትንሽ አውሮፕላን ጥሩ አስተማሪ ነው ብዬ አምናለሁ።

ማታ ላይ ልጅቷ ዝርዝሯን ጻፈች። የምትኖረው ከእናቷ ጋር ቨርጂኒያ ነው። አንደኛ 737 ዋሽንግተን። ሁለተኛ ትልቁ አውሮፕላን ኒውዮርክ። ሦስተኛ 737 ኒውዮርክ። አራተኛ 737 ቺካጎ። ከዚያ ሌሎቹ እስከ አሥራ አንድ።

«ሁለተኛውን ወደ አራተኛ አውርጂው» አልኳት።

«አቦ ጋሼ፣ እሱ እኮ ነው የሚያምረኝ!»

«ያምራል። ግን ዋሽንግተን ላይ አለ?»

ዝርዝሩን መለስ ብላ አየች። የለም። ትንሽ አሰበችና 737 ኒውዮርክን ወደ ሁለተኛ፣ ቺካጎን ወደ ሦስተኛ አወጣች።

እናቴ ዝም ብላ ስትሰማን ቆይታ «ታዲያ ለቁልቢ ትመጣለች?» ብላ ጠየቀች።

«ዘንድሮ አትመጣም እማዬ። ለገና ግን ልትሞክር ትችላለች።»

የጃንዋሪ ፕሮግራም ቢድ የሚከፈተው ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ነው። ልጅቷ ቀኑን ስልኳ ላይ መዘገበችው፣ እናቴም ጎረቤት ያሉትን ሴትዮ ጠርታ ነገረቻቸው።